እጅ ወለል ሳይነካ

ጋሽ ፌንጣ የግራ እግራቸውን ከሥራቸው አጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቆላልፈው ከወለሉ ለመነሳት ሞከሩና በመቀመጫቸው ዘጭ አሉ። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ዘጭ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰው ስለሌለ እንጂ መሳቂያ ይሆኑ ነበር። ልጃቸው ለምሳ እመጣለሁ ብላለች፤ እሷ ደግሞ ከቀጠሮዋ ቀድማ ትደርሳለች እንጂ ዘግይታ አታውቅም።

ፌንጣ ቅጽል ስማቸው ነው። የልስን ሠራተኛ በነበሩ ጊዜ ባልዲያቸውን እንዳንጠለጠሉ ከአንዱ የእንጨት መወጣጫ ወደ ሌላው ይዘሉ ስለነበር የሥራ ጓደኞቻቸው አወጡላቸው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸውም አልለቀቃቸውም። ሚስታቸው በሞቱበት ዓመት ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወደቁና መነሳት አቃታቸው። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ያጡት አቅም ነው። ጎረቤት ጩኸታቸውን ሰምቶ በሩን እስኪገነጥል ድረስ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ጣሪያ ሲያዩ ዋሉ።

ልጃቸው ወደ እኔ ቤት ትመጣለህ አለች። እሳቸው ሬሳዬ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አልወጣም አሉ። ሲጨቃጨቁ ሰንብተው በመጨረሻ ተዋዋሉ። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ አባት ባዶው ወለል ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸው ምንም ሳይነካ ከተነሱ ቤታቸው ይኖራሉ፣ ካልተነሱ ግን ያለ ክርክር ልጃቸው ጋ ይገባሉ።

የፈሩት የልጃቸውን ክፋት አልነበረም፤ ፍቅሯን ነው። እሷ ቤት ውሃ ልቅዳ ብለው ሲነሱ ባልየው ብርጭቆውን ይቀማቸዋል፤ እሷ «አባዬ፣ አረፍ በል» ትላለች። አናጺው ወዳጃቸው ልጁ ቤት ገብቶ እንዲሁ አረፍ በል ሲባል ሲባል፣ በዓመቱ ከአልጋ የሚያነሳው ሰው አስፈለገው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ሰው ሙሉ በር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ የነበረ ሰው ነው!

ስለዚህ ጋሽ ፌንጣ ሰውነታቸውን እንደ ሥራ ያዙት። ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ይወጣሉ፤ በሁለት እጃቸው ባልዲ ውሃ ይዘው ግቢውን ይዞራሉ፤ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ቁጭ ብድግ ይላሉ። ከወለል መነሳቱን ደግሞ በየቀኑ ይለማመዱታል። አንድ ስህተት ብቻ ሠሩ፤ ሁልጊዜ የሚነሱት በቀኝ እግራቸው ነው። ፈተናው በቀኝ እየታለፈ ግራውን ማን ያስታውሰው?

ለዛሬው ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት የሰፈሩ ባለሱቅ ቱቦ ሊቀበርበት የተቆፈረውን ቦይ እያሳየ «ድሮ ቢሆን ይቺን ይዘሏት ነበር፣ ጋሽ ፌንጣ» አላቸው። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ዘለሉ። ተሻገሩም፣ ተጨበጨበላቸውም። ቤታቸው ሲደርሱ ግን ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ሱሪ አላስወልቅ አለ።

የውጭው በር ተንኳኳ።

ልጃቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ። ጉንጫቸውን ስማ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ምንጣፉን ጠቅልላ ወደ ጥግ ገፋችው።

«ከምሳ በኋላ ብናደርገውስ?» አሉ።

«ምነው አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ማን? እኔ?»

ተቀመጡ። አቀማመጣቸውን ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ። ግራ እግራቸውን አጠፉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ፊት አዘነበሉ። መቀመጫቸው ከወለሉ ተላቀቀ። ጭናቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ከግንባራቸው ወርዶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ትንሽ ነው የቀረው። ቤታቸው፣ ግቢያቸው፣ በገዛ እጃቸው ውሃ መቅዳታቸው ሁሉ በዚያች ትንሽ ላይ ነው ያለው። ልጃቸው «በርታ፣ በርታ» ስትል ተሰማቸው፤ ወዲያው ግራ ጉልበታቸው ከዳቸውና መዳፋቸው ወለሉ ላይ አረፈ።

ጋሽ ፌንጣ መዳፋቸውን ከወለሉ አንስተው ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት።

«ቦይ ዘልዬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አደረግህ?»

«ባለሱቁ ነው ነገር የፈለገኝ።»

«በስድሳ ዘጠኝ ዓመትህ! ወይኔ አባዬ፣ ብትሰበርስ? እስቲ አሳየኝ!» ጎናቸው ዘፍ ብላ ተቀመጠችና የሱሪያቸውን እግር ወደ ላይ ጠቀለለች። ያበጠውን ስታይ እንባዋ መጣ። «ቆይ፣ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ላምጣ» አለችና ልትነሳ ሞከረች።

አልተነሳችም። እጇን ወለሉ ላይ ተደግፋ ሞከረች፤ አልሆነም። ወንበሩን ስትይዝ ወንበሩ ተገለበጠ። ጋሽ ፌንጣ ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ሲሉ ፊቷን አዩ። አመድ መስሏል፤ ከአፍንጫዋ ሥር ላብ ችፍ ብሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። ወለል ላይ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ! ከወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ... ወገቤም አልታዘዝ ብሎኛል። ለማንም እንዳትናገር።»

ከሐሙስ ጀምሮ ለቤታቸው ሲሰጉ የሰነበቱትን ሰውዬ አሁን ሌላ ፍርሃት ያዛቸው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ጣሪያ የምታይ ልጃቸው ታየቻቸው። እሳቸውስ ከነእርጅናቸው ነው የወደቁት፤ እሷ ገና ምኑን አይታ?

በእንብርክክ ሄደው ግድግዳው ጋ ደረሱ። ያበጠውን እግር እየጎተቱ፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ቆሙ። ጀርባቸውን አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉላት።

«በይ ያዢ። ቀስ። በወገብሽ አይደለም፣ በእግርሽ ግፊ።»

ስትቆም አንገታቸው ሥር ገብታ አለቀሰች። «ውሉ ይቅር አባዬ። እዚሁ ቤትህ ኑር። እኔ ማን ነኝና ነው አንተን የምፈትንህ?»

ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ማለዳ ዳገት ወጥተዋል! እሺ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ራሳቸው የለሰኑትን ግድግዳ አዩ፤ ሆድ ባሳቸው።

«ውል ውል ነው» አሉ። «እመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀስቅሶ ዳገት የሚያስወጣሽ ሰው ያስፈልግሻል። ባልሽም አይቀርለትም።»

«ጉልበትህስ?»

«እሱ እስኪድን እኔ አዛለሁ፣ እናንተ ትሠራላችሁ።»

አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ መኝታ ቤት ገባችና ከቁም ሳጥኑ አናት ሻንጣውን ለማውረድ ተንጠራራች። ጣቶቿ ጫፉን ይነኩታል እንጂ አይዙትም። በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ ቁና ቁና ተነፈሰች። ጋሽ ፌንጣ እያነከሱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ከተራመዱ በኋላ ቆሙ። «ተይው፣ እኔ ላውርደው» ሊሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ትደርሽበታለሽ፣ ልጄ» አሉና የበሩን መቃን ይዘው ጠበቁ።