እስከ ላይኛው ረድፍ ይሰማል

በግሪኳ ኬፋሎኒያ ደሴት አሪስታርኮስን የማያውቅ የለም። የሚያውቀው ሁሉ ደግሞ ቢያንስ አንዴ መንገድ ቀይሮ ሸሽቶታል። የጥንት ግሪክኛ መምህር ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሰው አይበድልም፣ ደመወዙን ከሰፈር ድመቶች ጋር ተካፍሎ የሚበላ ወንደላጤ ነው። ችግሩ አንዲት ወሬ ያለችው መሆኑ ነው። ያቺን ወሬ ለዓሣ ሻጩም ለቄሱም አውርቷታል። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ እንኳ ለማውራት ሞክሯል።

ወሬዋ ይህች ናት፦ ኤፒዳቭሮስ በሚገኘው ጥንታዊ ቴአትር፣ መድረኩ መሀል ቆሞ በሹክሹክታ የተናገረ ሰው ድምፁ እስከ ላይኛው ረድፍ ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ሹክሹክታ!" ይላል ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። "ድምፅ ማጉያ የለ፣ ምን የለ! ድንጋይ ብቻ!"

እኔ ቴኦኒ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ፊሽካ ስነፋ ስለምውል የሹክሹክታ ነገር ብዙም አይገባኝም። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ወሬዋን ሲጀምርልኝ አላስጨርሰው አልኩ።

"ለመሆኑ አንተ በጆሮህ ሰምተኸዋል?"

መነጽሩን አወለቀ፣ በሹራቡ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

"ሄጃለሁ" አለ።

"ሄደሃል ወይ አላልኩህም።"

ወታደር ሳለ በዕረፍት ቀኑ ሄዶ ነበር። ጥር ነው፤ ዶፍ ይወርዳል፤ ከእሱ በቀር አንድም ጎብኚ የለም፤ ዘበኛው ብርዱን ፈርቶ ከጎጆው ንቅንቅ አላለም። አሪስታርኮስ መድረኩ መሀል ቆሞ ሹክ አለ። ላይ ሆኖ የሚሰማው ሰው የለም። ደረጃውን እየሮጠ እስከ ላይኛው ረድፍ ወጣ። ታች ሆኖ ሹክ የሚልለት ሰው የለም። ወረደ። ደግሞ ወጣ።

"እና ላይ ሆነህ ምን ሰማህ?"

"ዝናብ" አለኝ።

በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ ደረስኩ። ሂሳብ አስተማሪው ምን ነካት ብሎ ውሃ አመጣልኝ። አሪስታርኮስ ግን አልሳቀም። "መጻሕፍቱ ሁሉ ይላሉ እኮ ቴኦኒ" አለኝ፣ እንደ ተበደለ ልጅ።

እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ሕይወት ይህ ነው። የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በየዓመቱ የጥናት ጉዞ ይሄዳሉ። የሚሄዱበትን ቦታ በድምፅ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ይህ መብታቸው ነው፣ ርዕሰ መምህሩም አይነካውም። አሪስታርኮስም በየዓመቱ ጉዞ ያቅዳል፦ ኦሊምፒያ፣ ሚኪኔስ፣ መጨረሻ ላይ ኤፒዳቭሮስ። ካርታ ይሥላል፣ ፍርስራሹን ቀይ፣ ሽንት ቤቱን ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። በየዓመቱ ደግሞ ይሸነፋል። ልጆቹ ሮድስን ይመርጣሉ፣ ቀርጤስን ይመርጣሉ፣ ዳንኪራ ያለበትን ሁሉ ይመርጣሉ። እሱም ኃላፊ ተብሎ አብሯቸው ይሄድና ጭፈራ ቤት ጥግ ላይ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይቀመጣል። ለጥጡ እኔ ምስክር ነኝ፤ ግማሹን ለኔ ነው የሚሰጠኝ።

ዘንድሮ ግን ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣል። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ልጆቹም ያውቃሉ፣ ድመቶቹም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ዘንድሮ ልጆቹ ያሰቡት ተሳሎኒኪ ከተማን ነበር። የምርጫው ዕለት አሪስታርኮስ ከረባት አስሮ መጣና አዳራሹ ውስጥ ንግግር አደረገ። ምን ልበላችሁ፣ ክፉ ንግግር ነበር። ከትሮይ ጦርነት ጀመረና ወዲህ መምጣት አቃተው። የኋላ ወንበር ላይ አንዱ ልጅ አንኮራፋ። የተማሪዎቹ ተጠሪ ሩቢኒ የምትባል ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ልጅ ናት፤ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ጥያቄ አለኝ።"

"ጠይቂ ልጄ!" ፊቱ በራ።

"ትሮይ ሳትወድቅ ደወል ይደወል ይሆን?"

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። የምርጫ ካርዱ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሩቢኒ ሳጥኑን ይዛ ጥግ ሄዳ ቆጠረችና ተመልሳ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ተሳሎኒኪ ተሸንፏል። ጥንታዊ ቦታዎች አሸንፈዋል።"

ፉጨት እጠብቅ ነበር። አንድም ልጅ አልጮኸም። አሪስታርኮስ ከረባቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው! ሳምንቱን ሙሉ መምህራን ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደ "አያችሁ? በሥርዓት የተሰናዳ ንግግር ሰውን ይለውጣል" ሲለን ሰነበተ። እኔማ ስለ ትሮይ ዳግም ላልሰማ ስል አጨበጨብኩለት።

ቀጥሎ መኪናና ሆቴል ማስያዝ መጣ፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። የደሴታችን ጠባቂ ቅዱስ ጌራሲሞስ ነው፤ ወንድ የወለደ ሁሉ በስሙ ይሰይማል። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል፤ ስለዚህ የወንድማማች ልጆች እስከ ቤተሰብ ስማቸው ድረስ አንድ ናቸው። ሜዳ ላይ "ጌራሲሞስ!" ብዬ ብጣራ ኳሱ ብቻ ነው የማይዞረው። እኛ "ቀዩ"፣ "ጥርሶ"፣ "የዳቦ ጋጋሪው" እያልን እንለያቸዋለን። የአቴናዋ የጉዞ ወኪል ግን ይህን ከየት ታውቀዋለች? አሪስታርኮስ ስልኩን ይዞ ሲያናግራት አጠገቡ ነበርኩ።

"ጌራሲሞስ ኮስሜታቶስ" አላት።

"እሺ ጌታዬ።"

"ጌራሲሞስ ኮስሜታቶስ።"

"ጽፌዋለሁ።"

"የለም፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"ሌላ ምን?"

"ሌላ ጌራሲሞስ ኮስሜታቶስ። ያኛው ቀዩ ነው፤ ይሄኛው ጥርሶ ነው። አሁን ሦስተኛውን ጻፊ፤ ጌራሲሞስ..."

"ኮስሜታቶስ እንዳይሉኝ ብቻ!"

"እንዴት አወቅሽ?"

ሴትዮዋ እንደ መተንፈስ አለች። "ስሙኝ ጌታዬ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ተማሪዎችዎ እንዲያሾፉብኝ ነው የደወሉት?"

"እመቤቴ፣ እኔ ቀልድ አላውቅም!" አላት፤ ይህስ እውነቱን ነው። እስከ መጨረሻው አነበበላት፤ እሷም "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" አለችው። ስልኩን ሲዘጋ እጁን አፋተገ። "አለቀ" አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ሞኝ የሞኝ ጓደኛ።

ጉዞው መጋቢት ላይ ሆነ፤ ጾም ነው። እናቶች ፖሮስ ወደብ ድረስ ሊሸኙን ወጡ። የሩቢኒ እናት ማሪጎ ፊታውራሪ ናት። ትሪ በትሪ ላይ ተደራርቧል፦ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል፣ የስፒናች ቂጣ፣ ባቄላ፤ ከሁሉ ሥር ደግሞ ቄሱ እንዳያይ በፎጣ የተሸፈነ የሥጋ ድብልብል።

"ጾም አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ልጅ መንገድ ላይ ነው፤ ፈጣሪ አይቶ እንዳላየ ያልፋል" አለችና ልጇን ዞር ብላ "ሹራብሽን ልበሺ! እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ይሰውርሽ!" አለቻት።

መርከቡ የመኪና መወጣጫውን ሳያነሳ ማሪጎ "ነፋስ የማይገባበት ቦታ መቀመጣቸውን ብቻ አይቼ ልውረድ" ብላ ከነመኪናዋ ገባች። ሌሎቹም እሷን አይተው ከነመኪናቸው ተከተሉ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሁሉም እናቶች ውስጥ ነበሩ። አንዳቸውም የደነገጡ አይመስሉም።

"ምነው አትወርዱም?" ብዬ ጮህኩ።

"የት እንውረድ? ባሕር ውስጥ?" አለች ማሪጎ፣ ቂጣ እያጎረሰችኝ።

ማዶ ኪሊኒ ስንደርስ የሚጠብቀን አውቶቡስ አልነበረም። ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ እያዛጋ ወረደና ልጆቹን አያቸው።

"አንድ ጌራሲሞስ ተብያለሁ" አለ። "ጌራሲሞስ የትኛው ነው?"

የእጅ ጫካ ተነሣ። ሾፌሩ ፊቱን አማተበ።

ያቺ ወኪል አላመነችንም ነበር፤ ስም የተደጋገመባትን ሁሉ ሰርዛዋለች። አሪስታርኮስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። "አለቀ በቃ" አለኝ። "መልሻቸው ቴኦኒ። ግማሹን ጥዬ ግማሹን አልወስድም።" እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላኝ። ፊሽካዬን አፌ ላይ አደረግኩ፣ ግን ለማን ነው የምነፋው?

ማሪጎ መጣች። የሚያለቅስ ሰው ፊት ወገቧን ይዛ የምትቆም ዓይነት ሴት ናት።

"ምን ሆነህ ነው እንደ እርጉዝ የምትቀመጠው? ስንት መኪና እንዳለን አላየህም?"

"ማሪጎ፣ እናንተ እኮ ወደ ቤታችሁ..."

"ቤቴን እሳት አልበላውም! ጥርሶ፣ አንተ እኔ ጋ ግባ! ቀዩ፣ ትሪውን ጭንህ ላይ አድርግ፣ ዘይቱን ካፈሰስክ ነፍስህን አወጣታለሁ!"

እንዲህ ሆኖ የጥናት ጉዟችን ቀጠለ፤ ፊት ሚኒባስ፣ ኋላ ጥሩምባ እየነፉ የሚከተሉ እናቶች፣ ልክ እንደ ሠርግ። ኦሊምፒያ ላይ በጥንቱ ሜዳ ሩጫ አስጀመርኩ፤ ጌራሲሞስ አሸነፈ፣ የትኛው እንደሆነ እስካሁን ክርክር አለ። ሚኪኔስ ላይ አንዲት እናት የንጉሥ መቃብር ውስጥ ገብታ "እርጥበት አለው፣ አትግቡ!" ብላ ልጆቹን አስወጣች። አሪስታርኮስ ምንም ቅር አላለው። እየተጠጋ "ነገ ኤፒዳቭሮስ" ይለኛል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ "ነገ" ይለኛል።

በነጋታው ያቺኑ ከረባት አስሮ ከመኝታ ክፍሉ ወረደ። ቴአትሩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ነበረች፤ ድንጋዩ ነጭ፣ ዛፉ አረንጓዴ፣ ከእኛ በቀር ብዙ ሰው የለም። ልጆቹ ደረጃውን ቀና ብለው አዩና ታችኛው ረድፍ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ። ማሪጎ ዘበኛውን ወሬ አስይዛ ትሪ ልትፈታ ትሞክራለች። አሪስታርኮስ ሩቢኒን ጠርቶ መድረኩ መሀል ያለችው ክብ ድንጋይ ላይ አቆማት።

"እኔ ላይ እወጣለሁ" አላት። "አንቺ አንድ ነገር ሹክ ትያለሽ። ግን እኔ የማላውቀው ነገር ይሁን! የማውቀውን ካልሽ ገምቶ ነው ትላላችሁ። የሰማሁትን ከላይ ሆኜ ቃል በቃል ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ ማን እንደሚሥቅ እናያለን!"

"የማያውቁትን?" አለች ሩቢኒ።

"ፈጽሞ የማላውቀውን!"

መውጣት ጀመረ። ጉልበቱ ልክ አይደለም፤ አንድ ረድፍ ወጥቶ ያርፋል፣ አንድ ወጥቶ ያርፋል። ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ተከተልኩት፤ መሀል ላይ ስደርስ "ተይኝ፣ ብቻዬን እችላለሁ" ብሎ አባረረኝና እዚያው ተቀመጥኩ። ሽቅብ ሳየው ላይኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ተቀምጧል፤ ትንሽ ሆኖ። እጁን አወዛወዘ።

ሩቢኒ ታች ሆና ጓደኞቿን አየቻቸው። ትከሻዋን ሰበቀች። ይሰማል ብላ ቅንጣት አላመነችም፤ አምናማ ቢሆን ይህን አትልም ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠች ያህል ሰማኋት።

"ያሸነፈው ተሳሎኒኪ ነበር" አለች በሹክሹክታ። "ካርዱን ስቆጥር ውጤቱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ንግግርዎ አስተኝቶን ነበር መምህር። ግን ሊሄዱብን ነው፤ ስለምንወድዎ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁት።

አሪስታርኮስ ብድግ ብሎ ቆሟል። መነጽሩን አወለቀ። በሹራቡ ጠረገው፤ ብዙ ጠረገው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲለፈልፍላት የኖረው ነገር ይኸው በጆሮው ገባ፤ ደግሞ ቃል በቃል ጮክ ብዬ እናገራለሁ ያለው ራሱ ነው። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሁለት እጁን አፉ ላይ ጡሩምባ አስመስሎ ጮኸ።

"ምንም አይሰማም!"

ታች ያለው ሳቅ እንደ ጎርፍ ወደ ላይ መጣ። ጥርሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። "ጉድ ነው!" አለ አንዱ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ሲዋሹን!"

"ድገሚው!" አለ አሪስታርኮስ ከላይ። "ጮክ በዪ!"

"ርቦናል መምህር!" ብላ ሩቢኒ በጉሮሮዋ ልክ ጮኸች።

"እሱን ሰማሁ!" አለና መውረድ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የደረሰበትን አትጠይቁኝ። ምሳ ላይ በሹክሹክታ "ጨው አቀብሉኝ" እየተባባሉ "አልሰማሁም" ይላሉ። እስከ ናፍፕሊዮ ከተማ ድረስ መንገዱን ሙሉ ሲያሾፉበት ሄዱ። ሩቢኒ ከሁሉ ባሰች፤ "መጻሕፍቱ ሁሉ ይላሉ!" እያለች አነጋገሩን ቀድታ ታስቃቸዋለች። እሱም አብሮ ይሥቃል፣ የማሪጎን ድብልብል በጾም ይበላል።

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አላስችል አለኝ። ጠጋ አልኩትና "ሰምተሃል እኮ" አልኩት።

አሪስታርኮስ የሚጮኹትን ልጆች ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ቃል በቃል" አለኝ በሹክሹክታ።