ወጨጫን የወጣንበት ክረምት

ኮልፌ፣ ከቤታችን ደጅ ቆሞ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊቱ ነው። በበጋ ማለቴ ነው። በክረምት ጉሙ ይውጠውና እዚያ ተራራ ነበረ ብሎ የሚምል ሰው እንኳ አይገኝም። እኛ ታዲያ ልንወጣው የወሰንነው በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ ነዋ። ሐሳቡን ያመጣብን ከባሕር ማዶ የመጣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበር። በአገሩ ሰው ዕረፍቱን ገደል በመቧጠጥ ያሳልፋል ብሎ ነገረን። በእኛ ሰፈር ገደል የሚቧጥጠው ፍየል የጠፋበት ሰው ብቻ ነው።

ለሦስቱ ጓደኞቼ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን የመጨረሻው ክረምቴ ነው። አባቴ መርካቶ የብትን ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ከመስከረም ጀምሮ ትምህርቱን ትቼ ከእሱ ጋር ከባንኮኒው ጀርባ እንድቆም ተወስኗል። ሱቅ የገባ ሰው ከሱቅ እንደማይወጣ በታላላቅ ወንድሞቼ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከደጃችን ሆኜ ያየሁት ጫፍ ላይ ወጥቼ ኮልፌን ቁልቁል ማየት ፈለግሁ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

በሰፈራችን ሁለት ሰው አንድ ነገር ካሰበ ማኅበር ያቋቁማል። እኛም አቋቋምን። ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ፤ አራት ብቻ ስለነበርን ተራ አባል የሚሆን ሰው ጠፋ። ገመዱን ማን ይሸከማል ተብሎ ሲጠየቅ ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ለምክትሉ መራው፤ ምክትሉም "ይታሰብበት" አለ። ሰኔ በዚህ አለቀ። ሐምሌ ላይ ልምምድ ብለን ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው የድንጋይ ካባ ሄድን። ገና ግማሹን ሳንወጣ የሰፈር ሴቶች ተሰበሰቡና አንዲት እናት "ምን ጠፍቶባችሁ ነው ልጆቼ?" ብለው ጠየቁን። ምንም እንዳልጠፋብን ስንነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ወሬው ዕለቱኑ አባቴ ጆሮ ደረሰ።

"ትልቅ ሰው በሌለበት አትሄድም" አለኝ አባቴ። "ትልቅ ሰው ካለ ግን እግዜር ይከተላችሁ።"

ትልቅ ሰው ፍለጋ ሄድን፤ የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ባለው ሰፊ ግቢ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባላምባራስ ነበሩ። ከሹመታቸው የቀራቸው ማዕረጋቸውና አንዲት በቅሎ ናቸው። የማኅበራችን የክብር ፕሬዚዳንት እንዲሆኑልን እጅ ነስተን ለመንናቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "ከላይ ማን ነው የሚቀበለን?" ሲሉ ጠየቁ። ማንም እንደማይቀበለን ስንነግራቸው ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ተስማሙ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቅዱ የእሳቸው ሆነ። ገመዳችን ለድንኳን ማሰሪያ ተመደበ። የነፍስ አባታቸው፣ ጃንጥላ ያዣቸውና አንድ ሙክት ከተጓዦቹ ተቆጠሩ፤ በሙክቱም ምክንያት ጉዞው ፍልሰታ እስኪፈታ ተላለፈ። ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ግን ስለ ሰልፉ ነበር። ማንም ከበቅሎዋ አፍንጫ አልፎ እንዳይራመድ አስጠነቀቁን። ሊቀመንበራችን "እንዴታ ጌታዬ" አለ። ታላቅን ቀድሞ መሄድ ነውር መሆኑን የሚያጣው የለም፤ ተራራ ላይ ምን ማለት እንደሚሆን ግን ማናችንም አላሰብንም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በጭነት መኪና፣ በአስኮ በኩል፣ በጭቃ እየተንሸራተትን ተራራው ሥር ደረስን። በቅሎዋ በዋዜማው ተልካ ትጠብቀን ነበር። የጥዱን ደን በዝግታ ወጣነው። ዛፉ አልቆ ዐለቱ ሲጀምር በቅሎዋ ቆመች። ቢጎትቷትም ቢገፏትም እምቢ አለች፤ ከመካከላችን አእምሮ የነበራት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ባላምባራስ ግራ ቀኙን ቃኙና "በቃ፣ ጫፉ ይኸው ነው። ድንኳኑን ትከሉ" አሉ።

ወዲያው ጉሙ ገለጥ አለና እውነተኛው ጫፍ ከበላያችን ታየ። ልቤ ዘለለች። ያን ያህል ቅርብ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀረብ ብዬ እጅ ነሳሁና "ጌታዬ፣ ከዚህ በላይ ትንሽ ይቀራል፤ ደርሼ ልመለስ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩም። "ልጄ፣ እኔ ካለሁበት በላይ ምን አለ?" አሉኝ።

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ሊቀመንበሩ ክርኔን ያዘኝ። ሹም አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ነውና እኔም ወደ ኋላዬ ተመለስኩ፤ ጉሙም መልሶ ዘጋው። ሙክቱ ታረደ። ጥሩ ሙክት ነበር ይላሉ፤ እኔ ድርሻዬን ለጃንጥላ ያዡ ሰጥቼው ነበር።

መስከረም ላይ ሱቅ ገባሁ። ባላምባራስ በለቅሶውም በሰርጉም ወጨጫ ጫፍ ላይ ከእነማን ጋር እንደቆሙ ያወሩ ነበር። አባቴ ይህን ሰምቶ ለደንበኞቹ ሁሉ "ተራራ የወጣው ልጄ ነው" እያለ ያሳየኝ ጀመር። እኔም ፈገግ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ የትልቅ ሰውን ቃል ሐሰት ነው የሚል አፍ ከየት አባቴ ላምጣ? ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራ። ወጨጫን ጠዋት ጠዋት ከደጃችን ቆሜ እያየሁ ሱቅ አረፍድ ጀመር። በመጨረሻ አልቻልኩምና አንድ እሑድ ብቻዬን ልሂድ ብዬ አባቴን ለመንኩት።

አባቴ ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ።

"ወጥተኸው የለም እንዴ?" አለኝ።