መንታ መትረየሶቹን ያስረከበው ሰው

አሎይዝ ቤቲንገር የእንጨት ጫማ ሠሪ ነበር። በጀርመን ድንበር ባለው በፈረንሳይ የሎሬን ገጠር እንደ እሱ ያለ ችኮ ባለሙያ አልነበረም፤ ደንበኛው ቢቆጣም ባይቆጣም በደንብ ያልለሰለሰ ጫማ ከእጁ አይወጣም። ከጀርመን ጋር ጦርነት ሲመጣ ለውትድርና ጠሩትና ከመንደሩ በላይ ባለው የኮንክሪት ምሽግ ውስጥ ጎን ለጎን የተጠመዱ ሁለት መትረየሶች ሰጡት። አንዷ ክብ ካዝናዋን ጨርሳ ስትግል ሌላዋ ትቀጥላለች፤ የጋለችው እስከዚያ ትበርዳለች። እሱም እንደ ጫማዎቹ ይወለውላቸው ጀመር። እውነቱን ለመናገር ከሚስቱ ከኦዲል ይልቅ ለእነሱ ይሳሳ ነበር።

ሰኔ ላይ ፈረንሳይ እጅ ሰጠች። ምሽጉን ግን ማንም አልደፈረውም ነበር። እንዲያም ሆኖ መሣሪያው ሁሉ ሳይሰበር ለጀርመኖች ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ከበላይ መጣ።

«ጌታዬ፣ የመትረየሶቹን የጥይት መምቻ መርፌዎች ልስበራቸው። ማን ያያል?» አለው አሎይዝ የምሽጉን አዛዥ ሻምበል።

«ተው፣ አሎይዝ። አንዲት ነገር ብትጎድል ንዴታቸውን የሚወጡት በወታደሮቻችን ላይ ነው። አስረክብና አፍህን ዝጋ።»

መትረየሶቹን እንደ ወትሮው ወለወላቸው። ቆሻሻ መሣሪያ ማስረከብ አልሆነለትም።

ሊረከብ የመጣው ጀርመናዊ ሃምሳ አለቃ ለሙከራ ተኮሰ። በአንዷ ብቻ፣ ካዝና እየለዋወጠ፣ በርሜሏ እስኪቀላ ድረስ። አሎይዝ ዝም ቢል ሰውየው ሁለቱንም ብዙም ሳይቆይ ያበላሻቸው ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን አልቻለም።

«ምን እያረግክ ነው፣ ሰውዬ? ታቃጥላታለህ እኮ» አለው በእናቱ ቋንቋ፤ የዚያ አገር ገበሬ የሚናገረው ከጀርመንኛ ብዙም አይርቅም። «ይቺ ስትግል ወደዚያችኛዋ እለፍ። ቶሎ፣ ፋታ ሳትሰጥ። እንዲህ።» ቁጭ ብሎ አሳየው።

«እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ» አለ ጀርመናዊው እየሳቀ። ሻምበሉ ፊቱን አዞረ። አሎይዝ የሠራው ነገር የገባው ያኔ ነው። አፈረ፤ ለኦዲልም ቢሆን ትንፍሽ ሳይል ኖረ።

እንደ ጓዶቹ ተማርኮ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ጫማ መሥራቱን ቀጠለ፤ በአራተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ አሜሪካኖች ጀርመኖቹን ሊያስወጡ መጡ። ጀርመኖቹ እዚያው ምሽግ ውስጥ ሆነው ጠበቋቸው። ባልና ሚስቱ ምድር ቤት፣ ከድንቹ ክምር አጠገብ ተቀምጠው በጠባቧ መስኮት ያያሉ። አንድ ወጣት አሜሪካዊ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። ከላይ ከምሽጉ መትረየስ ይንጣጣል። ተኩሱ ድንገት ቆመ። ወታደሩ ሊሮጥ ብድግ አለ።

«ተኛ! አልጨረሱም፣ ተኛ!» ብሎ ጮኸ አሎይዝ። ልጁ ቋንቋውን ከየት ያውቀዋል? ሌላዋ መትረየስ ወዲያው ቀጠለች። ወታደሩ የጎመን ማሳው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ፤ አልተነሳም።

ኦዲል አማተበች። «ፋታ እንኳን አይሰጡም» አለች። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሰለጠናቸው?»

«እኔ ነኝ» አላት።