ለአከራዬ ብዬ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ያስከፈለኝ አንድ ሙሉ ዊንተር፣ አንድ ሱፍ ልብስ እና የአከራዬን ወዳጅነት ነው። ከሦስቱ የተመለሰልኝ ወዳጅነቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉውን አይደለም።

ካናዳ፣ ስካርቦሮ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። አከራዬ ጎልምሰው ወደዚህ አገር የመጡ ግሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ አይሻልም። እኔ “ጣሪያ፣ ውሃ” እላለሁ። እሳቸው “ነገ፣ ሰው” ይላሉ። በማግስቱ ሰው ይመጣል። ኪራይ ሊጨምሩ ሲፈልጉ ለእያንዳንዱ መቶ ዶላር አንድ ጣት ያነሳሉ። እኔ ያልገባው ሰው መስዬ ዝም እላለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጣት ይታጠፋል። ዝም ማለትን መርካቶ ነው የተማርኩት። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ቋንቋ ቸግሮት ነው ብሎ ስለሚያዝንልኝ ይበልጥ አዋጣኝ።

ውላችን ሊያልቅ ሲል አንድ የጥርስ ሐኪም ሊከራያት ፈልጎ ሱቋን አይቶ እንደሄደ ሰማሁ። ያን ሱቅ ካጣሁ ሌላ ቦታ እንደማልቆም አውቃለሁ፤ ደንበኛዬ ሁሉ የዚያው ሰፈር ሰው ነው። የተማረን ሰው በምን እችለዋለሁ? አፌን ላስተካክል አልኩ።

ዊንተሩን ሙሉ ቃላት የሚያስተምር አፕ መኪና ውስጥ ከፍቼ ነዳሁ። በረዶ ስጠርግ፣ በርበሬ ስመዝን አነበንብ ነበር። ተራ ቃል ናቅሁ፤ የጠበቃ ቃል ብቻ መረጥኩ። አንድ ቀን እራት ላይ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ፣ “ዳድ፣ እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም” አለችኝ።

“አንቺ የምታውቂያቸው ሰዎች ናቸው የማያወሩት” አልኳት።

የቀጠሮው ቀን አዲሱን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ወንበር ስበውልኝ፣ “ማይ ፍሬንድ” አሉና ሁለት ጣት አነሱ። ዝም ማለት ነበረብኝ። የዊንተር ሙሉ ድካሜ ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። ስለ ኢኩዊተብል ኪራይ፣ ስለ ሪሲፕሮካል ግዴታ፣ ሳላቋርጥ አወረድኩት። እኔ ራሴ ገረመኝ።

የሽማግሌው ፊት ቀስ እያለ ተዘጋ። ጣታቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

“እንግሊዝኛ ነበረህ” አሉ። “ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ነበረህ። ዝም አልክ።”

“አሁን ነው የተማርኩት!”

“ከልጄ ጋር ተነጋገር። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።”

ልጃቸው በሳምንቱ ኢሜይል ጻፈልኝ፤ ቦታው ለሌላ ተከራይ እየታሰበ ነው ይላል። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ለካ የተማርኩት ይህን ለማንበብ ኖሯል።

ሚስቴ፣ “ሽማግሌ ላክ” አለችኝ።

“ለግሪክ?”

“የተቀየሙ ሰው አይደሉም እንዴ? ግሪክ ሆኑ ጎጃሜ ምን ለየው?”

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን አንድ አዛውንት ለመንኩ። መኪና ውስጥ፣ “ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን እኔ ልናገርልዎት?” አልኳቸው።

“አንተማ አፍህን ያዝ ልጄ። እዚህ ያደረሰን እሱ አይደል?”

አከራዬ ቢሮ ስንገባ ለጋሼ ወንበር ቀረበላቸው። አልቀመጥም አሉ። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወደ እኔ ጠቁመው፣ “ቦይ፣ ሶሪ” አሉ። ቦይ የተባልኩት እኔ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። አንገቴን ደፋሁ።

“ሲት፣ ፕሊስ” አሉ ግሪኩ።

“ኖ ሲት። ፈርስት ፒስ።”

ግሪኩ የጋሼን ጉልበት አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ጉልበቱን አዩ። በእሳቸውም አገር እንዲህ ያለ ነገር ሳይኖር አይቀርም። “ኦኬ” አሉ በመጨረሻ። “ፒስ። አሁን ሲት።” ጋሼ ተቀመጡ። ወንበሩም እሳቸውም ተንፈስ አሉ።

ከዚያ ግሪኩ ወደ እኔ ዞሩና አራት ጣት አነሱ። ዝም አልኩ። ጠበቅሁ። እሳቸውም እያዩኝ ጠበቁ። አንድም ጣት አልታጠፈም።

ውሉ ለሦስት ዓመት ታደሰ። ቃላቱን ለልጃቸው ኢሜይል ስመልስ እጠቀምባቸዋለሁ፤ ሱፉ ተሰቅሏል። ሱቁ አለኝ። ዝምታዬ ከእንግዲህ ምንም አያወጣም።