ሳላነብላት ያስፈረምኳት ደብዳቤ

ማንበብ ያስለመደኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የቅመም መጠቅለያ ነው። እናቴ መርካቶ ቅመም ስትቸረችር፣ ለመጠቅለያ የመጣውን አሮጌ ጋዜጣና የመጽሐፍ ቅዳጅ አንብቤ ሳልጨርስ አላስነካም ነበር። የታሪኩ ሰውዬ ያን ያደረገው ለምን እንደሆነ የሚናገረው ገጽ ግን ሁልጊዜ ኮረሪማ ተጠቅልሎበት ሄዷል። እኔው አስቤ መሙላት ነበረብኝ። ስለዚህ በሰው ላይ ቶሎ አልፈርድም ነበር።

ነበር ነው ያልኩት።

ዛሬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬ ላይ የሰው ጠብ አያለሁ። እገሌ እገሌን አዋረደው፣ የእገሊት ጉድ ወጣ፣ ክፍል ሁለት ይቀጥላል። ሁለት ዓመት ይህን ስሰማ ከረምኩና እጄም እንደዚያው መጻፍ ጀመረ። የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ ላይ እንኳ «ግፍ» የምትል ቃል ካልገባች አይጥመኝም። ደንበኞቼ ብዕርህ እሳት ነው አሉኝ፤ እኔ ጅሉ አመንኳቸው።

አስያ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ማንበብ አትችልም። እናታቸው ታመው ሲተኙ እሷ ሱቄን ብላ ቀረች፤ ታላቅ እህቷ ሰኪና ብቻዋን አስታማ ቀበረች። ሦስት ዓመት ተኳረፉ። አሁን የአስያ ልጅ ኒካህ ሲደርስ፣ እህቴ ሳትገኝ ልጄን አልድርም ብላ ሽማግሌ ላከች። ፊቷን ሳይ እንባ ይቀድመኛል፣ ጻፍልኝና አንተው አንብብልኝ አለችኝ።

ሥራችን አንድ ደንብ አለው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት የተጻፈው ይነበብለታል። እኔ ግን ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ ክፍል ሁለት ወጥቶልኛል። ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል ቀለሙን አቀረብኩላት። አምናኝ ጣቷን አሳረፈች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አስያ ቤት፣ ሽማግሌዎቹና ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ቆሜ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ደስ ብሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፦ «እኔ ለልጆቼ ስሮጥ፣ አንቺ የእናታችንን ሞት መፎከሪያ አደረግሽው!»

ሰኪና ተነስታ ጫማዋን ፈለገች። «ይሄን አንቺ ነሽ ያልሽው?» አለቻት እህቷን።

«እኔ በድያታለሁ በልልኝ ነው ያልኩት» አለች አስያ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

ቃሉ የኔ ነው ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አላልኩም። ነገ ማን ያጽፈኛል ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሰኪና እህቷ የገዛ ቃሏን የካደች መሰላትና ወጣች። ስንቱን ሰው በስልኬ ላይ «ሌባ፣ ከሃዲ» እያልኩ የፈረድኩ ሰውዬ፣ አንዲት ሴት በኔ ጥፋት ውሸታም ስትባል ወለሉን አያለሁ።

ሰኞ ዱባይ ተራ፣ ሰኪና ሱቅ ሄድኩ። እትዬ፣ ቃሉ የኔ ነው፣ ሳላነብላት ነው ያስፈረምኳት አልኩ። ጫማ የሚለካው ደንበኛ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

«አርብ ለት አፍ አልነበረህም?»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

የጫማውን ካርቶን ከድና መደርደሪያው ላይ እስክትመልስ አላየችኝም። «ሂድና ትምጣ በላት። በራሷ አፍ ትንገረኝ። ኒካሁ ላይ ግን አንተን እንዳላይህ።»

መልእክቱን ለአስያ አደረስኩ። የኒካሁ ቀን በእነ አስያ ሰፈር አላለፍኩም።