ሕመሜን ቀድሞ ያየው የልጄ ፊልም

እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ ታምሜ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ጉንፋን እንኳ ኦክላንድ ሲገባ የእኔን በር ያንኳኳል፣ ማን እንደሆንኩ ሲነግሩት ይቅርታ ጠይቆ ወደ አላሜዳ ይሻገራል። ይህን ላገኘሁት ሁሉ አወራ ነበር፤ ኤመሪቪል ውስጥ በምነዳው የሰው ማመላለሻ ሻትል ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በስልክ። አንድ ቀን ጠዋት እንዲሁ ሳወራ የሻይ ብርጭቆዬ ከሳህኑ ጋር ይንጫጫ ጀመር። የመሬት መንቀጥቀጥ መሰለኝ፤ እዚህ አገር ያለ ነገር ነው። ቀና ብዬ ሳይ አምፖሉ አይወዛወዝም። የሚንቀጠቀጠው እጄ ነበር።

ይህን የምጽፈው እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ልቡ ያለ ሥራ ለሚሮጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ የሚዶልትበት ለሚመስለው ሰው ነው። የመጨረሻውን ማንም ሐኪም ጋ ሄዶ አይናገርም። እኔም አልተናገርኩም።

እጄን "ሻይ አብዝቼ ነው" ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ቤቱ ሞቀኝ። ታላቅ እኅቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ እቴቴ እላታለሁ። ብርድ አትወድም። ስለዚህ ሂተሩን በስውር ከፍ የምታደርገው እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ። እሷ ጋቢ ደርባ፣ ካልሲ ደራርባ "አልነካሁትም" ትለኛለች። ብትነካው እንዳውቅ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ፕላስተሩ ንቅንቅ አላለም፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፕላስተሩን ነቅላ፣ ሂተሩን ከፍታ፣ መልሳ ትለጥፈዋለች።

ሱሪዬ ሰፋ። የምበላው ለሦስት ሰው ነው፣ ሱሪዬ ግን ይሰፋል። ልብስ የማሳጥብበት ቤት ያለው ሰውዬ እየለጠጠብኝ ነው አልኩና በክፉ ዓይን ስመለከተው ከረምኩ። ምስኪን፣ በገባሁ ቁጥር ቅናሽ ያደርግልኝ ጀመር። ያ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ዋናው ጥርጣሬዬ የመጣው ግን ከሳን ሆዜ ነው። ልጄ ሳሮን እዚያ ትኖራለች፤ ሥራዋ አኒሜሽን ነው። የእቴቴን የልጅነት ታሪክ አጭር ፊልም ላደርገው ነው ብላ ተነሣች። ደስ አለኝ። በዚያ ልጅነት ውስጥ እኔም አለሁ፣ ስለዚህ ዋናው ጀግና ማን እንደሚሆን አልጠራጠርም ነበር። ሳሮን ሰው ስትስል ከሐሳቧ አትስልም። መጀመሪያ በቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ሪፈረንስ ትለዋለች፤ ከዚያ ምስሉን እያስቆመች አንድ በአንድ ትስለዋለች። ትንሹን እኔን ለመሳል ትልቁን እኔን ስበላ፣ ስስቅ፣ ስቆጣ ቀረጸችኝ። ቀደም ካሉት ዓመታት የቤተሰብ ቪዲዮዎችም ወሰደች።

ሹክሹክታው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እቴቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፅዋን ልትቀረጽ ሳን ሆዜ ሄዳ ስትመለስ ዓይኔን ትሸሻለች። ስልክ ሲደወልላት መኝታ ቤቷ ገብታ ትዘጋለች። ታሪኩ ስለ ምንድን ነው ስላቸው "ሲያልቅ ታየዋለህ" ይሉኛል። ሳሮን ደግሞ፣ በአማርኛ ጠይቄያት በእንግሊዝኛ "ፋይን" ብላ የምትዘጋኝ ልጅ፣ ድንገት "ባባ፣ በላህ? ተኛህ?" ማለት ጀመረች። ያውም በጥሩ አማርኛ።

የእኛ ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል። ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በላህ ወይ?" ካለህ አንድ ሰው ሞቷል፤ ሊያረዱህ ቀን እየመረጡ ነው። እኔም አዲስ አበባና ናዝሬት ላለው ዘመድ ሁሉ በየተራ ደወልኩ፣ በሕይወት መኖሩን ላረጋግጥ። ሁሉም አለ። ድምፄ ሲርገበገብ ሰምተው ግን "ምን ሆኖ ነው?" እያሉ እነሱ ለእቴቴ ደወሉ። ይኸው፣ ሌላ ሹክሹክታ። የሞተ ከሌለ፣ አልኩ፣ ወይ የምሞተው እኔ ነኝ፣ ወይ ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው። ቤቱ የኪራይ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

አንድ ቅዳሜ ፈረቃ ቀይሬ፣ ለማንም ሳልናገር፣ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ወረድኩ። የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍቼዋለሁ። ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ይሮጣል። የሳሮን ቤት ፎቅ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ።

ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ አለ። ሥዕሉ በረድፍ በረድፍ ተደጋግሟል። የእኔ ግንባር ነው። የእኔ ጆሮ ነው። ዓይኑ ግን ከረድፍ ወደ ረድፍ እየፈጠጠ ሄዶ መጨረሻው ላይ የእንቁራሪት ሆኗል።

የሚስቁብኝ መሰለኝ። አልሳቁም ነበር።

"የደበቃችሁኝ ይኼን ነው?" አልኩ። የማየው እቴቴን ነው። "ቤቴ ተቀምጠሽ፣ እንጀራዬን እየበላሽ መሳለቂያ ታደርጊኛለሽ? ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ።"

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለች። "እሺ" አለች።

ሳሮን ተነሥታ መሐላችን ቆመች። "ባባ፣ ድሮዪንጉ አይደለም። አይ ስዌር። ዓይንህ ነው።"

በሩን አላትሜ ወጣሁ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ተቀመጥኩ። ልነሣ ሞከርኩ። ጭኔ አልታዘዝ አለኝ። ልቤ ይመታል። ይዘላል። ይቆማል። ይመታል። እቴቴ ከኋላዬ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳሮን አምቡላንስ ጠራች።

ድንገተኛ ክፍል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አሉ፤ የልብ ምት ሥርዓቱን ሲስት ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። እጅዎን ይዘርጉ አለችኝ። ጣቶቼ ላይ ወረቀት አኖረች። ወረቀቱ ጨፈረ። አንገቴን ዳሰሰች። ውሃ ሰጥታኝ ስውጥ ተመለከተች። ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር።

"ሙቀት ያስቸግርዎታል?"

"እኅቴ ሂተሩን..." ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

"ሰዎች ነገር የሚደብቁብዎት ይመስልዎታል?"

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

አልሳቀችም። ጻፈችው። የደም ውጤቱ መጣ፤ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከሚገባው በታች፣ ፍሪ ቲ ፎር የሚባለው ከሚገባው በላይ። ሃይፐርታይሮይዲዝም። ኋላ በደሜ ያለው አንቲቦዲ ሲመረመር ግሬቭስ ዲዚዝ ሆነ። የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ታይሮይድን፣ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ዕጢው ያብጣል፣ ሆርሞኑ ይፈላል፣ ሰውየው በቆመበት ይሮጣል። በእኛ አፍ እንቅርት ልንለው እንችላለን፤ የእኔው ኮሌታ የሚሸፍነው ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የእኔ በእንቅርት ላይ የልብ ምት ነው።

ዓይኔን መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ሐኪሟ ጠየቀች። ሳሮን ላፕቶፗን ከፈተች። የድሮውን ቪዲዮ ከአዲሱ ላይ ደርባ ስትስል ፊቴ አልገጥም ብሏት ነበር። አዲሱ ላይ ከዓይኔ ጥቁር በላይ ነጩ ይታያል። የሳለችው የተበላሸ መስሏት አጥፍታ ደግማ ሳለች። አሁንም አልገጠመም። አንገቴም እንዲሁ። ያን ጊዜ ለእቴቴ አሳየቻት።

"በየቀኑ የሚያየው ሰው ለውጡን አያየውም" አለች ሐኪሟ። "እሷ ግን ለካችው።"

እቴቴ ናት አይነገረው ያለችው። ለበሽተኛ ሕመሙ አይነገርም፣ ልቡ ይሰበራል። እንዲሁ ቼክአፕ ነው ብለን እንውሰደው ብላ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ በእርግጥም ይዶልቱብኝ ነበር። የዶለቱት ግን የሐኪም አፖይንትመንት ነው።

ልቤን አረጋግተው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ሜቲማዞል ታይሮይዱን እንዲገታ፣ ፕሮፕራኖሎል ልቤንና እጄን እንዲያበርድ ታዘዘልኝ፣ ሻትሉንም ለጊዜው እንዳልነዳ ተነገረኝ፤ እኔም ተሳፋሪ ሆኜ የራሴን መሥመር ስሄድበት፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እግሬ አብሮ ወለሉን ይረግጥ ነበር። እጄ ቶሎ ነው ጸጥ ያለው። ሌላው ግን ሳምንታት ወሰደ፣ ጥርጣሬዎቼም እንደ እስረኛ በየተራ ይፈቱ ጀመር። መጀመሪያ ሂተሩ በነጻ ተለቀቀ፤ ጠዋት ብርድ ሲሰማኝ በደስታ ጃኬት ለበስኩ። ቀጥሎ ሱሪዬ ወገቤን ያዘ፣ ያንን ምስኪን ልብስ አጣቢም ፈገግ ብዬ ሰላም አልኩት። እሱ ግን እስከ ዛሬ ይጠረጥረኛል።

እቴቴ አልተመለሰችም። ዕቃዋን አስጭና ሳሮን ጋ ቀረች። ፊልሙም ቆመ፤ ታሪኩ በእሷ ድምፅ ነው የሚተረከው፣ እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ አይፈታልኝም ብላለች። ልጄ ስልኬን ስታነሣ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ቀን ለእቴቴ ደውዬ ያን ቃል የተናገረው ሆርሞኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም አልኳት። ሐኪሟም ብትጠየቅ ትመሰክራለች አልኩ።

"እንግዲያው ሆርሞኑ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቀኝ" ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ግን ሽማግሌ ብልክ የሰደብኳትን ቃል ልደግምላቸው ነው። አፈርኩ። ራሴን ላክሁ። ባቡርና አውቶቡስ ቀያይሬ ሳን ሆዜ ደረስኩና ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ። እንደ ወጉ ከሆነ ታላቅ የሆነው ሰው "ተው፣ ተው" ብሎ ከመንገድ ይመልስሃል። እቴቴ አልመለሰችኝም። እስከ ወለሉ ወረድኩ። ሳምኩ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነሣ" አለች።

አልተነሣሁም።

"በቃ አልኩህ እኮ፣ ተነሣ።"

"እቴቴ፣ ጭኔ ነው" አልኳት። "አልችልም።"

ሕመሙ የጭን ጡንቻ ይበላል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። በብብቴ ገብታ ስትጎትተኝ ሁለታችንም ሶፋው ላይ ወደቅን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ስቃ ስትጨርስ፣ ለምን አልነገርሽኝም ነበር አልኳት።

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

ቴርሞስታቱ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር ትዝ አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እንደገና መቅረጽ ጀመሩ። የሳሮን ስቱዲዮ ቁም ሣጥኗ ነው፤ የተሰቀለው ልብስ ድምፅ ያለዝባል። እቴቴ በካፖርቶች መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ውጭ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ ታሪኩን የዚያን ጊዜ ሰማሁ። ናዝሬት ውስጥ ነው። የፈንጣጣ ክትባት ሰዎች ሰፈራችን መጥተው ልጅ ሁሉ በስሙ እየተጠራ ይሰለፋል፤ የቀረ ልጅ ካለ እናቱ ቀበሌ ልትጠየቅ ነው። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔ አምስት። ተወግታ ወደ ቤት ስትመለስ እኔ ከአባታችን አልጋ ሥር፣ ከድንች ጆንያው ጀርባ ተደብቄ አለቅሳለሁ። ለመነችኝ። አልወጣም አልኩ። ፀጉሯ እንደ እኔው የተላጨ ስለነበር ሸሚዜን በግድ አጠለቀች፣ ተመልሳ ሰልፉ መጨረሻ ቆመች፣ ስሜ ሲጠራ አቤት አለችና ሌላኛውን ክንዷን ሰጠች።

ውሸት ነው አልኩ በልቤ፤ የመጨረሻዋ ጥርጣሬ አልሞተችም ነበር። ክንዴ ላይ የክትባት ጠባሳ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ለሰው ሁሉ የምናገረው ሰውነቴ ጠባሳ አይቀበልም ብዬ ነው። ታሪኩን የደበቁኝም እንዳላፍር ኖሯል። እቴቴ ከቁም ሣጥኑ ወጥታ ፊቴን አየችውና ሁለቱንም እጅጌዎቿን ሰበሰበች። ግራና ቀኝ፣ ሁለት ክብ ጠባሳ።

"ይኼ የእኔ ነው" አለች። "ይኼኛው ያንተ።"

አሁን ደኅና ነኝ። ሻትሉን እነዳለሁ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው ባይሆንም ከእንቁራሪትነት ተመልሷል፣ እቴቴም ኦክላንድ ገብታ ሂተሩን በአደባባይ ከፍ ታደርጋለች። ሕመሙ ለደረሰባችሁ ግን ጥቂት ልበል። ያለ ምክንያት ስትከሱ፣ ሲሞቃችሁ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ደም ተመርመሩ፤ ምርመራው ቀላል ነው። ሜቲማዞል ስትወስዱ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስ ሊቀንስ ስለሚችል በዚያው ዕለት ለሐኪማችሁ ደውሉ። የምታጨሱ ካላችሁ ተዉት፣ ዓይንን ያባብሳል፤ ይህን ሐኪሟ ደጋግማ ነው የነገረችኝ። የድሮ ፎቶአችሁን ከዛሬው ጎን አስቀምጣችሁ እዩ። አስታማሚዎች ሆይ፣ ለታመመው ንገሩት። ላያምናችሁ ይችላል፣ ሊሰድባችሁም ይችላል፤ ግን የደበቃችሁትን ነገር ሽታውን ይሸተዋል፣ የጎደለውንም በራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው። ጥርጣሬ የበዛባችሁ ደግሞ ቤታችሁን ከማፍረሳችሁ በፊት ደማችሁን አስለኩ። ከዚያ በኋላም ብትጠረጥሩ እንግዲህ ጠባያችሁ ነው።

ወረቀት ጣቴ ላይ ያኖረችውን ሐኪም አመሰግናለሁ። ያልገጠመላትን ፊት የሥዕል ስህተት ነው ብላ ያላለፈችውን ልጄን አመሰግናለሁ። እቴቴን ማመስገን አልችልበትም፤ ሞክሬ "ዝም በል" ብላኛለች።

ፊልሙ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ለወገን ታየ። ሰዉ ሁሉ የጠየቀው አልጋው ሥር የሚያለቅሰውን ሕፃን ድምፅ የሠራው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ሳሮን ብዙ ሕፃናት ቀርጻ ነበር፣ ሁሉም የውሸት አለቀሱባት። የተሰማው የእኔ ነው። ለደም ምርመራ ስሄድ ነርሷን አስፈቅዳ ስልኳን አቅርባ ቀረጸችኝ፤ እኔም ምን ይሰማል ብለሽ ነው ብዬ ፈቅጄ ነበር። ትወና የለበትም። መርፌ ሲወጋኝ አለቅሳለሁ፣ እቴቴ እጄን ካልያዘችኝም አልወጋም።