በአሪየት እናት ድምፅ ላይ

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

ጋምቤላ ገና ክልል መባሏ ነበር። እሁድ እሁድ ባሮ ዳር፣ ማንጎው ሥር የምንሰበሰብ ወጣቶች ነበርን። ሰብሳቢ የለን፣ ጋባዥ የለን። የመጣ ሁሉ በቴፕ የቀዳውን ያሰማል፤ ማን እንደሚቀድም እዚያው እንስማማለን። ዘፈን የቀዳ አለ፣ የገበያ ጫጫታ የቀዳ አለ። እኔ የምቀዳው ተረት ነበር። "የሷ እስኪያልቅ እኮ ማንጎው ይበስላል!" ብለው ይስቁብኛል፤ ደስ ይለኛል። ካሴቶቻችን በአንድ ካርቶን ሆነው እኛ ቤት፣ ነርሷ እህቴ ጋ ይቀመጡ ነበር።

አሪየት የምትባል የአኙዋ ልጅ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ድምፃቸውን ቀድታ ነበር። ሌላ ቅጂ የለውም። ማንም እንዳይቀዳበት ካሴቱ ጀርባ ጥጉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ጥርስ ሰብራ፣ እሁድ ልታሰማን ካርቶኑ ውስጥ ጨመረችው።

ለዚያው እሁድ አዲስ ተረት ነበረኝ፤ ባዶ ካሴት ግን አልነበረኝም። ጥርሱ መሰበሩን አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ልበል? አውቄያለሁ። ከእህቴ ፕላስተር ቆርጬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። እኔ ደፈንኩ። አሪየት የጻፈችበትን ወረቀት ልጬ ጣልኩ። እኔ ነኝ። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ብቻ እቀዳለሁ ብዬ ነበር። ተረት ከጣመኝ ማቆም እንደማልችል እያወቅሁ?

እሁድ አሰማሁ። ተጨበጨበልኝ፤ አሪየትም አጨበጨበች። ተረቴ እንዳለቀ የእናቷ ሳል ብቅ ሲል ቶሎ አጠፋሁት። ማንም አላስተዋለም። የአሪየት ተራ ደረሰና ካርቶኑን ዘረገፈችው።

"አንቺ፣ የኔ እናት ካሴት የት አለ?"

"አላየሁም።"

"እናንተ ቤት ነበር እኮ!"

"አላየሁም አልኩሽ! ሌባ ነኝ እንዴ?"

የተቆጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰች።

ካሴቱ ዛሬም እኔ ጋ ነው። ተረቴ ሲያልቅ እናቷ ያስላሉ፤ ከዚያ በማልሰማው ቋንቋ ጥቂት ይናገራሉ። "አሪየት" የሚለውን ብቻ እለያለሁ። ሌሊት ሳልከፍተውም ይሰማኛል። ያቺን ቀሪ እንኳ ለምን አልመለስኩላትም? ብመልስላት ማን እንደሆንኩ ይታወቃላ። ልጅነት ነው አልልም። ይቅርታ ልለምን ስነሳም ነገሩን የማሳምረው ይመስለኛል፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ከዚያ እሁድ በኋላ የአሪየት አክስት፣ የእህታቸው ድምፅ በስህተት ከሌላ ካሴት ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ብለው፣ በየእሁዱ መምጣት ጀመሩ። ማንጎው ሥር ተቀምጠው ማንም ያመጣውን ካሴት እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ሲያልቅ፣ "ገልብጪው፣ ልጄ" ይሉኛል። እገለብጥላቸዋለሁ። ያንንም ያዳምጣሉ።